ግላዱን በቅጽ አትጨርሱት

ሕግ ጨርሰው ቶሮንቶ ችሎት ብቅ የሚሉ የሐበሻ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። ከካናዳ ነባር ሕዝቦች የሆነ ደንበኛ ሲደርሳቸው ግን ያው የማውቀው ስህተት ይደገማል። ዘንድሮ ትዕግስቴ ስላለቀ ልጻፈው።

ዋናው ስህተት ቅጽ ሞልቶ መነሳት ነው። በፈረንጆቹ 1996 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 718.2(ኢ) ዳኛው ከእስር ሌላ አማራጭ እንዲፈልግ፣ በተለይም የነባር ሕዝቦች ተከሳሽን ሁኔታ እንዲያጤን ያዛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ግላዱ በተባለች ተከሳሽ ጉዳይ አፍታቶ አብራራው። ከዚያ የመጣው የግላዱ ሪፖርት የተከሳሹን ሕይወት ከራሱ፣ ከቤተሰቡና ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቆ የሚያቀርብ ሰነድ ነው። ከሕዝቡ 5 በመቶ ገደማ የሆኑት ከፌዴራል እስረኛው ሲሶውን ያህል በያዙበት አገር ይሄ ወረቀት ቀልድ አይደለም።

ጀማሪው ጠበቃ ታዲያ ምን ያደርጋል? እስክሪብቶውን ያወጣል። «አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተሻል?» «አልገባሁም።» «የለም» የሚለው ላይ ምልክት። ቀጣይ!

ምን ቀጣይ? ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው፤ የት አግኝታ ትገባለች? የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከቤተሰባቸው ነጥለው ያስገቡባቸው ከነበሩት ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ስለ አያቷ ጠይቅ እንጂ! ከ150,000 በላይ ልጆች በእነዚያ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። ብዙዎቹ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። እናቷስ? እስከ 1980ዎቹ ድረስ የሕፃናት ደህንነት መሥሪያ ቤቶች ከየቤቱ እየወሰዱ ለነጭ ቤተሰብ የሰጧቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ታዲያ ልጅቷን ማን አሳደጋት? አንዱም ቅጹ ላይ የለም።

ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ ይነሳና «የአያቷ ትምህርት ቤት ከዚህ ስርቆት ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። የእኛ ጠበቃ ላብ ያጠምቀዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እኮ በ2012 በኢፒሊ ጉዳይ ተከሳሹ እንዲህ ያለ የምክንያትና ውጤት ትስስር የማረጋገጥ ግዴታ እንደሌለበት ተናግሯል። ይህንኑ በሉና ተቀመጡ።

ሪፖርቱ ጊዜ ይፈጃል ብሎ መተውም አለ። እስር ላይ ላለ ሰው መጠበቅ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ግን አስረድታችሁ ውሳኔው የደንበኛው ይሁን፤ የእናንተ የቀን መቁጠሪያ አይደለም።

«ከተማ ነው የሚኖረው» ብሎ ማለፍ፦ የግላዱም የሥር ዳኛ ይህንኑ ብለው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስህተት ነው አለ።

ዝምታን በጥያቄ መሙላት። ታገሱ። ዓይን አለማየትን ደግሞ እንደ ውሸት አትቁጠሩት፤ ይሄን ለሐበሻ ልጅ ማስረዳት አልነበረብኝም።

ዋስትና ላይ የሚሠራው ግፍ ደግሞ ሌላ ነው። በአውሮፕላን ብቻ ከሚገባበት የሰሜን ኦንታሪዮ መንደር ለመጣ ሰው «በየሳምንቱ ከተማ ቀርቦ ይፈርም» ሲባል ጠበቃው አንገቱን ይነቀንቃል። ግዴታውን ሲጥስ ሌላ ክስ ይመጣል፤ ሰውየው ምንም ሳያጠፋ እስር ቤት ይመለሳል። ከ2019 ጀምሮ አንቀጽ 493.2 በዋስትናም ላይ የነባር ሕዝቦች ሁኔታ እንዲታይ ያዛል። ጥቀሱት።

«እኛም ጥቁር ነን፣ ሕመማቸውን እንረዳለን» የሚለውን ተዉት። አንረዳም። የማን አገር ላይ ጥገኝነት እንደጠየቅን ያወቅነው ስንቶቻችን ነን?

የፍትሕ ማሻሻያ ኮሚቴ የምትገቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ አንዲት የነባር ሕዝቦች ጠበቃ ይጠሩና «መክፈቻ ጸሎት አድርጊልን» ይሏታል። ሴትየዋ የዋስትና ሕግን ከሁላቸውም በላይ ታውቃለች! በባህል ረገድ የሚያሰጋ ነገር አለ ወይ የሚለውን የሚመልሰው አገልግሎቱን የሚቀበለው ሰው ነው፤ «የባህል ደህንነት» የሚባለውን ሐሳብ ያዳበረችው የኒውዚላንዷ የማኦሪ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደንም ትል የነበረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ገና ባዶ ወረቀት ሳለ ጥሯት፤ የምክር ክፍያዋንም እንደማንኛውም ባለሙያ ክፈሉ።