ሁለት ምግብ ቤት፣ ሦስት ሕግ

አለቃዬ ሁለት ምግብ ቤት አላት፤ አንዱ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አንዱ ጎረቤቱ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ፔይሮሉንም (የደመወዝ ክፍያውን) የሠራተኛ ጉዳዩንም የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራ ስጀምር ያገኘሁት የሠራተኞች መመሪያ ከኢንተርኔት የተቀዳ ነበር። ለየትኛው ስቴት እንደተጻፈ እንኳ አይታወቅም።

ጉዱ የወጣው ዲሲ የሚሠራ አንድ ምግብ አብሳይ ዓርብ ዕለት ስናሰናብት ነው። መመሪያችን «የመጨረሻ ክፍያ በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን» ይላል። ሜሪላንድ ቢሆን ያስኬዳል። ዲሲ ግን አሠሪው ካሰናበተ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን መክፈል አለበት። ልጁ ማክሰኞ ደወለልኝ። እኔ ደግሞ ገጹን ጠቅሼ ተሟገትኩት! ሕጉን ሳየው ልክ እሱ ነበር። ቼኩን ይዤ ሮጥኩ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራበትን አድራሻ እይዛለሁ፤ የሚኖርበትን አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ የሜሪላንድን ሕግ አይቶ መተው አይቻልም፤ ከተማዋ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም (የአካባቢው አስተዳደር) የራሱ ሕግ አለው። ሁለቱ ሲለያዩ ለሠራተኛው የሚሻለውን እወስዳለሁ። የሕመም ፈቃድን እንይ። ስቴቱም ካውንቲውም ለ30 ሰዓት ሥራ የ1 ሰዓት ፈቃድ ይላሉ። ስቴቱ ግን በዓመት 40 ሰዓት ላይ እንድታቆም ይፈቅዳል፤ ካውንቲው አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን እስከ 56 ሰዓት ያስከፍላል። ዲሲ ደግሞ በሠራተኛ ብዛት ነው፦ ከ25 በታች ሠራተኛ ካለህ ለ87 ሰዓት 1 ሰዓት። ቲፕ (ጉርሻ) የሚቀበሉ አስተናጋጆች ግን ለ43 ሰዓት 1 ሰዓት ያገኛሉ። ይሄን በግምት የሚደርስበት የለም።

ቀጥሎ፣ ቁጥር የሚባለውን ሁሉ ከመመሪያው ውስጥ አውጥቼ መጨረሻ ላይ ለየቦታው አንድ አንድ ገጽ ሠራሁ። አናቱ ላይ ቀን አለው። ዲሲና ሞንትጎመሪ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚቀይሩት ጁላይ 1 ነው። በ2025 ዲሲ በሰዓት 17.95 ዶላር ገባ፤ ካውንቲው ከ11 እስከ 50 ሠራተኛ ላለው 16 ዶላር፤ ስቴቱ 15 ላይ ነበር። ስለዚህ ጁን አጋማሽ ላይ ቁጥሮቹን እንዳይ ስልኬ ይጮኻል፤ ዲሴምበር ላይም እንዲሁ፣ ለጃንዋሪ ለውጥ።

«ደመወዝህን ለማንም አትንገር» የሚል መስመር ካላችሁ ዛሬውኑ ሰርዙት። ሠራተኞች ስለ ክፍያቸው እርስ በርስ ቢያወሩ ከ1935 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይጠብቃቸዋል። አለቃዬ በጣም ትወደው ነበር፣ ግን ወጣ።

አሮጌውን ቅጂ አትጣሉ፤ ማን የትኛውን እንደፈረመ የሚታወቀው በእሱ ነው።

አዲሱን መመሪያ ሳስፈርም በአማርኛ እያነበብኩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወጥ የሚሠሩት እትዬ የሕመም ፈቃዱ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «ታዲያ አምና ጉልበቴን አሞኝ የቀረሁት ሦስት ቀን ይከፈለኝ ነበር?»

ፔይሮሉን ከፈትኩ። ሦስቱም ቀን ዜሮ ነው። በሚቀጥለው ቼካቸው ላይ አስገባሁት።