ከቤት ጋር የተቀጠለ ጋራዥ፦ ስንጥቁ፣ ፍሳሹና የማይገጥመው በር ከየት ይመጣሉ?

ለቆየ ቤት ጋራዥ ሲቀጠልለት ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው አዲሱና አሮጌው ከተገናኙበት መስመር ነው። ቤቱ ዓመታት ቆይቶ መሬቱ ላይ ተደላድሏል፤ ጋራዡ ገና መቀመጡ ነው። ስለዚህ ምልክት ሲታይ ለሳኝና ቀለም ቀቢ ከመጥራት በፊት ያንን መስመር ከመሬት እስከ ጣሪያ መመርመር ይቀድማል። ከታች ያለው ለብሎኬት ወይም ለጡብ ግድግዳ፣ ለአርማታ ወለልና ለቆርቆሮ ጣሪያ ይሠራል።

ምልክት፦ ጋራዡ ከቤቱ ጋር በተገናኘበት ጥግ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ

ስፋቱን ይለኩ፤ ከዚያ ወዴት በኩል እንደሚሰፋ ይመልከቱ። ይህች ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ የበለጠ ትናገራለች። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ከሆነ የሰጠመው ከቤቱ የራቀው የጋራዡ ጫፍ ነው፤ ጋራዡ ወደ ውጭ አዘንብሏል። ከታች ሰፍቶ ከላይ ከጠበበ ደግሞ የሰጠመው ከቤቱ ጋር የሚነካካው ጫፍ ነው። ለዚህኛው የተለመደው ምክንያት ሙሌት አፈር ነው፦ ቤቱ ሲሠራ ለመሠረቱ ተቆፍሮ የተመለሰው አፈር እዚያው ግድግዳው ሥር አለ፤ የጋራዡ መሠረትም ያልተነካ መሬት ሳይደርስ በዚያ ላይ ተቀምጧል። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነና ከ1 ሚሊ የማይበልጥ ስንጥቅ ግን በአብዛኛው ብሎኬቱና ልስኑ ሲደርቁ የመጡበት መኮማተር ነው፤ አያስደነግጥም።

ሌላም አለ። ስንጥቁ በደረቅ ወቅት ተከፍቶ በዝናብ ጊዜ የሚገጥም ከሆነ ከሥሩ ያለው ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ነው። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ደጋግሞ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። መፍትሄው የአፈሩ እርጥበት እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው፦ የጣሪያውን ውሃ በቱቦ አርቆ መውሰድ፣ በጋራዡ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለውና ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ መረማመጃ መሥራት፣ ግድግዳው ሥር የተተከለ ትልቅ ዛፍ ካለም አፈሩን ስለሚያደርቅ ምን እንደሚደረግ ማሰብ።

እንቅስቃሴው መቆሙን ሳያረጋግጡ አይጠግኑ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ ሚስማር መትተው በመሃላቸው ያለውን ርቀት በወር አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ቀኑን ግድግዳው ላይ ይጻፉት። ደረቁንም ዝናቡንም ወቅት ማየት አለብዎት፤ ስለዚህ 6 ወር ትንሹ ነው። ስንጥቁ ላይ ስስ ጄሶ መለጠፍም ይቻላል፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው።

እንቅስቃሴው ከቆመ፣ ወይም በዓመት ከ1 ሚሊ በታች ብቻ ከሆነ፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ አይድፈኑት፤ አጠገቡ ሌላ ይከፍታል። ይልቅስ ልስኑን በመቁረጫ ማሽን ቀጥ ባለ መስመር 20 ሚሊ ስፋት ይክፈቱ፣ ውስጡ ክብ የፎም ገመድ ይክተቱ፣ ከላዩ ፖሊዩረቴን ማሸጊያ ይሙሉ። የማሸጊያው ጥልቀት የስፋቱ ግማሽ ይሁን፦ ለ20 ሚሊ ስፋት 10 ሚሊ። ፎሙ የሚገባው ማሸጊያው ግራና ቀኝ ብቻ እንዲይዝ ነው። ከኋላም ከተጣበቀ እንደ ልብ መለጠጥ ስለማይችል ይቀደዳል።

ከሁሉ የከፋው ስንጥቁ ወደ ቤቱ ከተሻገረ ነው። የቤቱ መስኮት ጥግ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካዩ ግንበኛው አዲሱን ብሎኬት ከአሮጌው ግድግዳ ጋር በጥርስ (አንዱን በሌላው ውስጥ እያስገባ) አያይዞታል፣ ወይም ፌሮ በድሪል ተክሎ አስሯቸዋል፤ ጋራዡ ሲሰጥም ቤቱን እየጎተተ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ከ5 ሚሊ ያለፈና እየጨመረ ያለ ስንጥቅ ያለ ስትራክቸራል መሐንዲስ አይነካ። መሠረቱን ከሥር መደገፍ ግድ ከሆነ ቁፋሮው በየ1 ሜትሩ እየተከፋፈለ፣ አንዱ ተሞልቶ ከጠነከረ በኋላ ብቻ አጠገቡ ያለው እየተከፈተ ነው የሚሠራው። ረጅሙን መስመር በአንድ ጊዜ የቆፈረ ግድግዳውን በአየር ላይ አስቀርቶታል።

ገና ያልጀመሩ ከሆነ ይህ ሁሉ በሦስት ነገር ይቀራል፦ የጋራዡን መሠረት ያልተነካ መሬት ድረስ ማውረድ፣ ከቤቱ መሠረት ታች ዘልቆ አለመቆፈር፣ በሁለቱ ግድግዳ መሃል ከመሠረት እስከ ጣሪያ ድረስ 20 ወይም 25 ሚሊ ፎም ማስገባት። ጋራዡ ከቤቱ ጋር በሚዋሰንበት በኩል የራሱ ኮለን ይኑረው፤ ቢሙን በቤቱ ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ምልክት፦ ዝናብ ሲዘንብ በመገናኛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይወርዳል

ፍሳሹ በታየበት ቦታ ቀዳዳ አይፈልጉ፤ ውሃ በማገሩ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ዝናብ በሌለበት ቀን አንድ ሰው ውስጥ ይቁም፣ ሌላው በጎማ ውሃ ያፍስስ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄዱት፦ መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ፣ ቀጥሎ ፍላሺንጉ (ጣሪያውና ግድግዳው የተገናኙበትን የሚሸፍነው ላሜራ) ጠርዝ ላይ፣ መጨረሻ ከፍላሺንጉ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ፤ በየቦታው 10 ደቂቃ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ ምንም አይለዩም።

ውሃው የገባው ፍላሺንጉ ጠርዝ ላይ ሲፈስ ከሆነ፣ ላሜራው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በሲልከን ብቻ ታሽጓል ማለት ነው። ሲልከን ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ከልስኑ ይላቀቃል፤ በላዩ ሌላ ሲልከን መጨመር ለአንድ ክረምት ነው። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፦ ከቆርቆሮው 15 ሴንቲ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ 25 ሚሊ ጥልቀት ያለው መስመር በመቁረጫ ይቆረጣል፤ የላሜራው የላይኛ ጠርዝ ታጥፎ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ በሽብልቅ ይያዛል፣ ከዚያ ይታሸጋል። ማሸጊያው ቢላቀቅ እንኳ ውሃው ከላሜራው ኋላ አይገባም። አንዱ ላሜራ ሌላውን በ10 እስከ 15 ሴንቲ ይደርብ። ሁለቱ ሕንፃዎች ስለሚነቃነቁ ላሜራውን ከግድግዳውም ከቆርቆሮውም ጋር አንድ ላይ በብሎን አይሰሩት። ሁለት ክፍል አድርገው፣ ከግድግዳው የወጣው ከቆርቆሮው የተነሳውን ከላይ እንዲሸፍን ያድርጉ።

ውሃው የገባው ከፍላሺንጉ በላይ ያለው ግድግዳ ሲረጥብ ከሆነ ላሜራው ንጹህ ነው፤ ልስኑ ነው የሚጠጣው። የተሰነጠቀውን ልስን መጠገንና ውሃ በማይገባው ቀለም መቀባት ነው።

የጣሪያው ተዳፋትም ይታይ። ብዙ ጋራዥ ከቤቱ ጣሪያ ሥር እንዲገባ ሲባል ተዳፋቱ ይቀነሳል። ለተራ ሸንተረር ቆርቆሮ 10 ዲግሪ፣ ማለትም በየ1 ሜትሩ 18 ሴንቲ ገደማ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ነፋስ ውሃውን በድርቡ በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የላይኛውና የታችኛው ቆርቆሮ ድርብ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሆኖ በማሸጊያ መያዝ አለበት። የቤቱ ጣሪያ ውሃም ወደ ጋራዡ ጣሪያ የሚወርድ ከሆነ የጋራዡ አሸንዳ የሁለት ጣሪያ ውሃ ነው የሚሸከመው፤ በከባድ ዝናብ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። የቤቱን አሸንዳ ውሃ በራሱ ቱቦ በቀጥታ ወደ መሬት ያውርዱት።

አንድ የሚያሳስት ነገር፦ ዝናብ ሳይኖር ማለዳ ላይ ጣሪያው በሙሉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ፍሳሽ አይደለም። ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ የውስጡን እንፋሎት ውሃ አድርጎታል፤ እርጥብ መኪና ሲገባ ደግሞ ይብሳል። በተቃራኒ ግድግዳዎች አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ የአየር መተንፈሻ ይክፈቱ፤ ካልበቃ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት መከላከያ ይልበስ።

ምልክት፦ ወለሉ ተሰነጠቀ፣ ሰጠመ፣ ወይም ዱቄት ይሆናል

በመዶሻ እጀታ ወለሉን እያንኳኩ ይሂዱ። ድፍን ያለ ድምፅ ጤነኛ ነው። እንደ ከበሮ የሚጮህበት ቦታ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ሙሌቱ ወርዶ አርማታው ተንጠልጥሏል። አፈር ተደልድሎ ከላይ ብቻ ከተጠቀጠቀ የሚሆነው ይኸው ነው። ሙሌት በ15 ሴንቲ ንብርብር እየተጣለ፣ እየረጠበ፣ እየተጠቀጠቀ ነው የሚነሳው። ባዶው ቦታ ጥቂት ከሆነ አርማታውን በስተው ቀጭን የሲሚንቶ ቡኬት ማስገባት ይበቃል፤ ሰፊ ከሆነ ያን ክፍል በመቁረጫ አውጥቶ ሙሌቱን እንደ አዲስ መጠቅጠቅ ይሻላል።

በወለሉ መሃል አቋርጦ የሚሄድ አንድ ስንጥቅ የሚመጣው ወለሉ ላይ የመኮማተሪያ መስመር ሳይቆረጥ ሲቀር ነው። አርማታ ሲደርቅ መኮማተሩ አይቀርም፤ ቦታ ካልተሰጠው ራሱ ይመርጣል። 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው ወለል በየ2.5 እስከ 3 ሜትር መቆረጥ አለበት፤ የቁራጩ ጥልቀት የውፍረቱ ሩብ፣ ጊዜውም አርማታው በተጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ። የፌሮ መረቡም ይጠርጠር፦ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲሞላ በእጅ ይሳባል ከተባለ፣ መረቡ ታች ቀርቷል፤ ስንጥቅ ለመያዝ ከላይኛው ሲሶ ውስጥ መሆን ነበረበት። ስፔሰር (ከመሬት ከፍ የሚያደርገው ትንሽ መደገፊያ) ላይ ነው የሚቀመጠው። ስንጥቁ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ከሆኑ በማሸጊያ ይሞላል። አንዱ ጎን ከሌላው ከወረደ ግን ችግሩ ከሥር ነው።

ሲጠረግ ዱቄት የሚሰጥ ወለል በአብዛኛው ሲቦካ ውሃ የበዛበት ነው። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። ሠራተኛ እንዲቀለው ሲጨመር፣ ወይም ከላይ የወጣው ውሃ ሳይደርቅ ደረቅ ሲሚንቶ ተነስንሶ ሊሾ ሲመታ፣ የላይኛው ገጽ ይላላል። ለቀላሉ የሶዲየም ሲሊኬት ማጠንከሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይቀባል። በሚስማር ሲጫር 3 ሚሊ ከገባ ግን ገጹ ተፍቆ መነሳትና እንደገና መልበስ አለበት። አዲስ ወለል እንዳይደርቅ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ መኪና ከ10 ቀን በፊት አይውጣበት።

ምልክት፦ ውሃ በበሩ ሥር ይገባል

ወለሉ ወደ በሩ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ማዘንበል አለበት። እሱ ደህና ሆኖ መግቢያው ወደ ጋራዡ የሚያዘነብል ከሆነ፣ በሩ ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር ባለ ወንፊት ቦይ መሥራት ነው መፍትሄው፤ 10 ወይም 15 ሴንቲ ስፋት፣ መጨረሻው ክፍት ወደሆነ ቦታ። ከበሩ ሥር ጎማ መለጠፍ ብቻውን የቆመ ውሃ አይመልስም።

ምልክት፦ የብረቱ በር ይጋደላል፣ መሬት ይነካል

ትልቅ የላሜራ በር አንዱ ክንፍ ከነፍሬሙ 50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ማጠፊያው ባዶ ብሎኬት ላይ ከተተከለ በየቀኑ መከፈት መዘጋቱ ሲሚንቶውን ይፈጭና ይለቅቃል። ቀዳዳውን በአዲስ ቡኬት መሙላት አይበጅም። በሩ ግራና ቀኝ አርማታ ኮለን ከሌለ፣ ብሎኬቱን ቆርጦ ከመሠረት ጋር የተያያዘ ኮለን መጣል፣ ወይም የብረት ፍሬም አቁሞ ከወለልና ከላይኛው ቢም ጋር ማሰር ነው። ማጠፊያው ደህና ሆኖ በሩ መሃል ላይ ከላይ የሚነካ ከሆነ ቢሙ ጎብጧል። ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው ያረጋግጡ። ድጋፉ ቀድሞ ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ የቢም ሥር ድጋፍ እስከ 21 ቀን ይቆያል።

ምልክት፦ የቤቱ የውስጥ ግድግዳ ጋራዡ በኩል እየረጠበ ቀለሙ ይላጣል

የጋራዡ ሙሌት ከቤቱ የእርጥበት መከላከያ ንብርብር በላይ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ነክቷል። ወለሉ ከዚያ ንብርብር 15 ሴንቲ ዝቅ ማለት ነበረበት። ማፍረስ ካልተቻለ ግድግዳው አጠገብ ወለሉን በጠባቡ ከፍተው ግድግዳውን በሬንጅ ሁለት ዙር ይቀቡ፣ ከዚያ ይመልሱ።

ምልክት፦ የሽንት ቤት ሽታ

ማንሆል ወለሉ ሥር ተቀብሯል ወይም ቱቦው መሠረቱ ሲጫነው ተሰብሯል። ቱቦ መሠረት የሚያቋርጥበት ቦታ ዙሪያውን 5 ሴንቲ ክፍት ሊኖረው ይገባል። ማንሆሉን ከጋራዡ ውጭ ያውጡት።

ምልክት፦ ቤት ውስጥ የጭስ ሽታ፣ ወይም ወደ ውጭ ሲወጡ የሚለቅ ራስ ምታት

ይህኛው ነገ አይባልም። የመኪና ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ ሽታ ባይኖርም አደጋው አለ። ቤተሰቡን ወደ ውጭ ያውጡ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ የታመመ ሰው ካለ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ሦስት ቦታ ይፈትሹ። አንደኛ ኮርኒሱ፦ የመለያው ግድግዳ ኮርኒስ ላይ ቆሞ ከላይ የሁለቱ ጣሪያ ክፍት ቦታ ከተገናኘ ጭሱ በዚያ ያልፋል፤ ግድግዳው ቆርቆሮው ድረስ ተገንብቶ መታሸግ አለበት። ሁለተኛ የመገናኛው በር፦ ባዶ ሳይሆን ድፍን፣ ራሱ የሚዘጋ፣ ዙሪያው ላስቲክ ያለው ይሁን፤ የጋራዡ ወለልም የነዳጅ እንፋሎት ዝቅ ብሎ ስለሚተኛ ከቤቱ ወለል 10 ሴንቲ ዝቅ ይበል። ሦስተኛ፣ ብዙዎች የሚረሱት፦ ቀድሞ ወደ ደጅ ይወጣ የነበረ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ጭስ ማውጫ ወይም የወጥ ቤት መስኮት አሁን ወደ ጋራዡ ይከፈት እንደሆነ። ማውጫው በጋራዡ ጣሪያ አልፎ ወደ ውጭ ይቀጠል፣ መስኮቱ በብሎኬት ይዘጋ፣ ለወጥ ቤቱ በሌላ በኩል አየር ይከፈትለት። በሩ ክፍት ቢሆንም ሞተር ጋራዥ ውስጥ ለማሞቅ አይነሳ፤ መኪናው ወጥቶ ነው የሚሞቀው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይሰቀል።