ከሐዋሳ ሆኖ ሩቅ ጣቢያ ማዳመጥ፣ ለጣቢያውም መጻፍ

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፣ እኔ ሬዲዮዬን ይዤ በረንዳ እወጣለሁ። በአጭር ሞገድ ሩቅ ጣቢያ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሳይቀር ቀኑን ሙሉ እየጮሁ ነው የሚውሉት፤ ለእኛ ጆሮ ባይሰማም ሬዲዮው ይሰማዋል። መብራት እስኪጠፋ የማይጠብቅ ቻርጀሩን ይንቀል፣ ሬዲዮውንም በባትሪ ያድርግ። ወይ ደግሞ ከቤት ራቅ ብሎ ወደ ሐይቁ ዳር መውጣት ነው። ከመሸ ግን ውሃው ጥግ አትቀመጡ፣ ጉማሬ ይወጣል። ቀልዴን አይደለም።

አንቴና ብላችሁ ብር አታውጡ። አምስት ስድስት ሜትር ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግዙ፣ ጫፉን ልጣችሁ በሬዲዮው አንቴና ላይ ጠምጥሙት፣ ሌላውን ጫፍ ዛፍ ላይ ሰቀል አድርጉ። ከመብራት መስመር በጣም ይራቅ። ነጎድጓድ ሲመጣ ወዲያው ይነቀል። ቀን ላይ 19 እና 16 ሜትር ባንድ (በሞገድ ርዝመት የሚጠራ የፍሪኩዌንሲ ክልል) ላይ ፈልጉ፣ ፀሐይ ስትገባ ወደ 31፣ 41 እና 49 ውረዱ፤ የሜትሩ ቁጥር ሲጨምር ፍሪኩዌንሲው ይቀንሳል፣ ቀን ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚውጠው የከባቢ አየር ንብርብር ማታ ስለሚሳሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጣቢያው ከተያዘ በኋላ ብዙዎቻችን የምንፈልገው ካርዱን ነው፣ ማለትም "አዎ፣ የሰማኸው እኛን ነው" ብለው የሚልኩትን ኪው ኤስ ኤል ካርድ። ራዲዮ ሮማኒያ ኢንተርናሽናልን የመሳሰሉ ጣቢያዎች ይልካሉ። ግን ካርዱ የሚመጣው በምላሹ ነው፤ መጀመሪያ እናንተ የሚጠቅም ነገር ስጡ። እዚያ ያለው ቴክኒሺያን ሞገዱ ሐዋሳ እንዴት እንደሚደርስ ከወንበሩ ሆኖ ማወቅ አይችልም።

እኔ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ላይ ተዋርጃለሁ። ማታ 3 ሰዓት የሰማሁትን "3:00" ብዬ፣ ዓመተ ምሕረቱንም በእኛው ጻፍኩ። ምላሹ ጨዋ ነበር፦ በተባለው ሰዓት ማሰራጫችን ዝግ ነበር፣ ዓመቱም ካለፈ ቆይቷል።

ስለዚህ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም በጋራ በሚጠቀምበት ሰዓት ጻፉ። ቀን ከሆነ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፣ ማታና ሌሊት ከሆነ 15 (የጠዋቱንም የማታውንም 12 ሰዓት እንደ 0 ቁጠሩት)፤ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። የእኔ ማታ 3 ሰዓት 18:00 ነበር ማለት ነው። ዩቲሲ ቀን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ 8 ሰዓት ላይ የሰማችሁት ገና የትናንቱ ቀን ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን።

ፍሪኩዌንሲውን በኪሎኸርዝ አስቀምጡ፣ የሬዲዮአችሁን ሞዴልና ሽቦውንም ጥቀሱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አዳምጡና በየደቂቃው የሰማችሁትን ጻፉ። "ሙዚቃ ነበር" ማንም ይላል። "18:12 ላይ ሴት አንባቢ ስለ ስንዴ ዋጋ አወራች፣ 18:15 ላይ በዋሽንት የሚጀምር ዘፈን ተከተለ" ካላችሁ ግን ማመን ይቻላል።

ከዚያ ሲንፖ የሚባል የአቀባበል ጥራት መለኪያ አለ። ጥንካሬ፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ መግባት፣ ጫጫታ፣ የሞገዱ መዋዠቅ፣ አጠቃላይ ሁኔታ፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፣ 5 ምርጡ። እዚህ ላይ ይሉኝታችን ያጠፋናል። እንግዳ እንዳይከፋው ብለን 55555 እንሰጣለን። ተው! እየተንኮሻኮሸ ከሰማችሁት 32332 በሉ፣ የጋረደውን ጣቢያ ካወቃችሁትም ስሙን ጻፉ፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። በኢንተርኔት የሰማችሁትን በሬዲዮ ሰማሁ ማለት ደግሞ ውሸት ነው፣ በቃ።

ፕሮግራሙ ካልጣማችሁም በትሕትና ተናገሩ። ቲሸርት፣ ካላንደር፣ የትምህርት ዕድል አትለምኑ። አንድ ደብዳቤ ገልብጣችሁ ለአሥር ጣቢያ አትበትኑ። ኢሜይል ከሆነ የሰማችሁትን የአንድ ደቂቃ የድምፅ ቅጂ አያይዙ፣ 20 ሜጋባይት አትጫኑባቸው። አድራሻችሁ ላይ ፖስታ ሣጥን ቁጥር መኖሩን እዩ፤ የቤት ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ ካርዱን ብትጠብቁ ትጠብቃላችሁ። ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ በየሳምንቱ አትጨቅጭቁ። ሲደርሳችሁ ሁለት መስመር ምስጋና ላኩ።