ለጌኮ አሸዋ አታንጥፉ

ለልጆቻችሁ ሌፐርድ ጌኮ (ነጠብጣብ ያላት ትንሽ እንሽላሊት) ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ወደ ቤት ከማምጣታችሁ በፊት የመኖሪያ ሣጥኗን ንጣፍ አዘጋጁ። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው አሸዋ ነው። በተለይ ካልሲየም አለው የሚባለውን እለፉት። ጌኮ ፌንጣዋን ስትይዝ አሸዋውንም አብራ ትውጣለች። ካልሲየም ካነሳት ደግሞ ሆን ብላ ትልሰዋለች። አንጀቷ ውስጥ ተከማችቶ ሊደፍናት ይችላል። ያኔ መብላት ታቆማለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ሰገራም አይወጣትም። ሐኪም ቶሎ ካላያት ልትሞት ትችላለች።

የጥድ ሰጋቱራም ይቅርባችሁ። ያ ደስ የሚለው ሽታ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሳንባዋን ይጎዳል።

ለጀማሪ የምመክረው ሽታና ቀለም የሌለውን ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ነው። እውነት ነው፣ ለዓይን አያምርም። ግን ሰገራዋ ጠንካራ ይሁን ውሃ ወዲያው ይታያችኋል። ሲቆሽሽ ጠቅልሎ መጣል ነው።

ሙቀቱም እንደ ንጣፉ ያስፈልጋታል። አንዱ ጥግ ወለሉ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ሌላው 24 ገደማ ይሁን፤ የሚስማማትን ራሷ እየተዘዋወረች ትመርጣለች። ማሞቂያውን ያለ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) በፍጹም አትሰኩት፤ ሆዷን ያቃጥለዋል።

ቆዳዋን የምትጥልበት እርጥብ መደበቂያም አትንፈጓት። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ጎኑን ብሱና ውስጡ የረጠበ ወረቀት አድርጉ። ይህ ከሌለ አሮጌው ቆዳ ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል፤ ደም አግዶ ጣቷን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልታስተላልፍ ትችላለች። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ይሻላል።