በጥቅምት ብርድ በረንዳ ላይ አተር እንዴት ይበቅላል?

«በዚህ ብርድ ምን ይበቅላል?» ይሉኛል የአራት ኪሎ ጎረቤቶቼ። አተር ይበቅላል! አተር የሚጠላው ሙቀትን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እኛን ጋቢ ቢያስደርበንም ለአተር ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ዘሩ። እህል በረንዳ ወይም ሾላ ስትሄዱ ከነገለፈቱ ያለ ድፍን አተር ጠይቁ። ክክ አይበቅልም፤ ሲከካ ቡቃያው የሚወጣበት ጫፍ ይረግፋል። ከመዝራታችሁ በፊት 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንደ በቆልት አስቀምጡ። በሳምንት ውስጥ ከ7 በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ፈልጉ።

ገበሬው ዝናቡን ይዞ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል። በረንዳ ላይ ግን ውሃው በእጃችን ስለሆነ እኔ የመስቀልን ሰሞን እመርጣለሁ። ዝናቡ ስለሚቀንስ ዘሩ አይበሰብስም። እሸቱም ለነቢያት ጾም ይደርሳል።

የ20 ሊትር ጀሪካን አፉን ቁረጡና ታቹን በጋለ ሚስማር ብሱት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የቆየ ፍግ ቀላቅሉ። ዩሪያ አትጨምሩ፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ፍሬ አይሰጣችሁም። ዘሩን ሲዘፈዘፍ አሳድራችሁ 4 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ፣ በ5 ሳንቲሜትር ርቀት ቅበሩት። ብቅ ሲል ርግቦች እንዳይለቅሙት መረብ አልብሱት።

አንድ ስንዝር ሲሆን ጭራሮ ትከሉለት ወይም ሲባጎ ወጥሩለት። ጠዋት ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ክር የመሰለው ጫፉ ሲባጎውን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞበት ታገኙታላችሁ። እኔ ይሄን ሳላይ ቡና አልጠጣም።

ውሃ ጠዋት ነው፣ ማታ አይደለም። ረጥቦ ያደረ ቅጠል ይሻግታል። ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች ከወረሩት በሳሙና ውሃ እጠቡት።

ዋናው ጥንቃቄ አበባው ላይ ነው። ቡቃያው ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፤ አበባና ለጋ እሸት ግን አይችሉም። መሃል ከተማው ላይ አመዳይ ብዙም ባይወርድም፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ማታ አሮጌ ነጠላ ጣል አድርጉበትና ጠዋት አንሱ። ንብ ባይመጣም አትጨነቁ፤ የአተር አበባ ራሱን በራሱ ያዳቅላል።

እሸቱን ሞላ ሲል በየሁለት ቀኑ ልቀሙ። ተክሉ ላይ ከደረቀ ሌላ ማበብ ያቆማል። ሲያልቅ አትንቀሉት፣ ከግንዱ ቁረጡት። ሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅን የሚባል የተክል ምግብ ይዘዋል። በዚያው ጀሪካን ጎመን ትከሉበት።