የቡና መዝገብ ከአክሰስ ወደ ፖስትግሬስ ሲሻገር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ቡና የሚረከብ አንድ ድርጅት ለዓመታት በማይክሮሶፍት አክሰስ የያዘውን መዝገብ ፖስትግሬስ ወደሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም ሊያሻግር ተነሣ እንበል። የገበሬው ስም፣ ያስረከበበት ቀን፣ ኪሎውና የተከፈለው ብር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። መዝገቡ ከተዛባ ክፍያውን የሚጠብቀው ገበሬ ይጎዳል።

የመጀመሪያው ስህተት ድራይቨሩን፣ ማለትም ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር፣ እየነቀሉ ደጋግሞ መጫን ነው። «በድራይቨሩና በፕሮግራሙ መካከል የአርክቴክቸር አለመጣጣም አለ» የሚል መልእክት ሲመጣ ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፤ አንዱ ባለ32 ቢት፣ ሌላው ባለ64 ቢት ሆነው ነው ያልተግባቡት። መታየት ያለበት ድራይቨሩን የሚጠራው የማሻገሪያ ፕሮግራም ባለስንት ቢት እንደሆነ ነው። በባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሁለት የኦዲቢሲ (ፕሮግራሞችና ዳታቤዞች የሚገናኙበት መደበኛ ዘዴ) ማስተዳደሪያዎች አሉ፤ ባለ64 ቢቱ «ሲስተም32»፣ ባለ32 ቢቱ ደግሞ «ሲስዋው64» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገኛል። ስማቸው የተገለባበጠ ስለሚመስል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ባለ32 ቢት ኦፊስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ባለ64 ቢቱን የአክሰስ ድራይቨር በግድ ለመጫን ከመታገል ባለ32 ቢት የማሻገሪያ ፕሮግራም መጠቀም ይሻላል።

አዲስ ሰርቨርን በአሮጌ ድራይቨር መክፈትም ያደክማል። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 14ኛ እትም ጀምሮ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥበትን ነባሪ ዘዴ ለውጧል። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ መግባት እምቢ ካለ ድራይቨሩን ያድሱ፤ የሰርቨሩን ጥበቃ ማላላት መፍትሔ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ግን «ተገናኝቷል» የሚለውን መልእክት አይቶ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ስህተቱን ተናግሮ የሚቆም ድራይቨር ሰውን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዝም ብሎ የሚያዛባው ነው። የፖስትግሬስ የኦዲቢሲ ድራይቨር ሲጫን አንሲ (ውስን ፊደላትን ብቻ የሚይዝ) እና ዩኒኮድ (የግዕዝን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዝ) የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ይመጣሉ። አንሲው ከተመረጠ የግዕዝ ፊደል የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ከአዲሱ ዳታቤዝ ስሙን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስሞቹ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ከሆነ ደግሞ ዩኒኮዱም አያድናቸውም፤ አስቀድመው መለወጥ አለባቸው።

ቀኑ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቅምት የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ በእኛ አቆጣጠርም ሁለተኛው ወር ነው። በጽሑፍ «2015-02-30» ተብሎ የተያዘውን ጥቅምት 30 ፖስትግሬስ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር የለም ብሎ አይቀበልም። ሰውም ድራይቨሩን ይወቅሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ጥቅምት 5 ነው፤ ያለ አንድ ቅሬታ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2015 ተብሎ ይገባል፤ እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2022 ነው። ስለዚህ ቀኖቹን ከመሻገራቸው በፊት ይቀይሩ፤ የኢትዮጵያውንም ቀን ለብቻው በጽሑፍ ዓምድ ያስቀሩት።

በመጨረሻም የረድፍ ብዛት ብቻ አወዳድሮ መርካት አይገባም። በሁለቱም በኩል የኪሎውንና የብሩን ድምር፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ያመሳክሩ፤ ጥቂት የገበሬ ስሞችንም ከደረሰኝ ጋር አስተያይተው ያንብቡ። ይህ ሁሉ እስኪገጥም ድረስ አሮጌው የአክሰስ ፋይል አይነካ።