የመንገድ ፓውዛ ስትገዙ ጀርባውን እዩ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ብሎካችን የሚያስገባው መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ስለነበር ተዋጥተን አራት ፓውዛ ሰቀልን። ካርቶኑ «200 ዋት» ይላል። ክረምቱ ሳይወጣ ሦስቱ ጠፉ፤ አራተኛው ደግሞ እንደ ጭፈራ ቤት መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ ከረመ። የሸጠልንን ሱቅ ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የኛም ነው። ዋጋና ዋት ብቻ ነበር ያየነው።

እናንተ መጀመሪያ በእጃችሁ አንሱት። ፓውዛው ኤልኢዲ ነው፤ ኤልኢዲ ደግሞ እንደ ድሮው አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት አይረጭም። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ብርሃን የሚሰጠው ትንሽዬ ቺፕ ጋ ይቀራል፣ ዋናው መውጫውም የጀርባው አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ 100 ዋት ተብሎ እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ፓውዛ ካጋጠማችሁ፣ ወይ ዋቱ ውሸት ነው ወይ ዕድሜው አጭር ነው። ጀርባው ክንፍ ክንፍ ያለው ወፍራም አሉሚኒየም ይሁን። በክንፎቹ መሃል ሰፋ ያለ ክፍተት ይኑር፤ ጠባብ ከሆነ የበጋው አቧራ ይሞላውና ፀሐይ ላይ ጋቢ እንደደረበ ሰው ይሆናል።

ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይብራላችሁ። ሻይ ጠጥታችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ አስጠፉትና ጀርባውን ንኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሲሞቅበት «ይሄማ ይግላል» ብሎ ቀዝቃዛውን ይመርጣል። የጀርባው መሞቅ እኮ ሙቀቱ ከቺፑ እየወጣ መሆኑን ነው የሚያሳየው። የሚያሰጋው ብዙ ዋት ይበላል ተብሎ ጀርባው ቀዝቃዛ የሆነው ነው። ወይ የተጻፈውን ዋት አይበላም፣ ወይ ቺፑ ያለበት ሰሌዳ ከአሉሚኒየሙ ጋር በደንብ ስላልገጠመ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኗል። እጅ የማያስነካውንም ቢሆን ተዉት።

ቺፑ ብዙ ጊዜ ቀድሞ አይሞትም። ቀድሞ የሚሞተው ድራይቨሩ ነው፣ ማለትም 220 ቮልቱን ለቺፑ የሚያስተካክለው ክፍል። ውስጡ ያለው ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ርካሾቹ ላይ ደግሞ ድራይቨሩ ከቺፖቹ ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የኛዎቹን ስንፈታቸው እንደዛ ነበሩ። ድራይቨሩ ለብቻው ክፍል ያለውና በብሎን የሚፈታ ግዙ። ሲበላሽ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ካርቶኑ 50,000 ሰዓት ካለ፣ በቀን 12 ሰዓት ስታበሩት 11 ዓመት ገደማ ይመጣል። ግን ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የቺፑ ብርሃን ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። ስለ ድራይቨሩ ምንም አይልም።

ስትሰቅሉ ዝናብ እንዳይነካው ብላችሁ በቆርቆሮ ወይም በፌስታል አትሸፍኑት፤ ያፍነዋል። «አይፒ 65» ወይም «66» የተባለ (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃው ነው) ዕቃ ዝናቡን ራሱ ይችለዋል። ኬብሉ ከታች በኩል ይግባ፣ ከመግባቱ በፊትም ትንሽ ወደ ታች ይንጠልጠልና ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ። ሲበራ የቆየ ፓውዛ ላይ ድንገት በረዶ ሲወርድበት ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ የመስታወቱ ዙሪያ ማሸጊያ ጎማ ከላላ ደግሞ እርጥበት ይስባል። መስታወቱ ውስጥ ጤዛ ካያችሁ ጎማውን ተመልከቱ።

ፎቶሴል፣ ማለትም ሲመሽ የሚያበራ ሲነጋ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አስገቡለት። ዘበኛ ማጥፋት ከረሳ መብራቱ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ሲነድ ይውላል፣ የሌሊቱ ብርድ የሚሰጠውን እፎይታ አያገኝም። የትራፊክ መብራት የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው፤ እሱ ቀን መብራት ግዴታው ነው፣ ቀዩ ቺፕ ደግሞ ሲሞቅ ከአረንጓዴው ይበልጥ ይደበዝዛል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚወረወረው ቮልቴጅም ድራይቨር ይገድላል። ሰርጅ መከላከያና ለምሰሶው ግራውንድ ያስፈልጋል፣ ይህን ግን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት። እናንተ በየበጋው መብራቱን አጥፍታችሁ የጀርባውን አቧራና የርግብ ኩስ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።

እኛ በሁለተኛው ዙር አራት መግዛት አልቻልንም። ሁለት ከበድ ያሉ ገዛን፣ አንዱ መግቢያው ላይ፣ አንዱ ውሃ የሚያቁርበት መታጠፊያ ላይ ተሰቀለ።